«ለምን?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም

አክራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስሄድ የጋና ፕሬስ ነፃ ነው ሲባል ሰምቼ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ መስሎኝ ነበር። እውነትም ጠዋት ትሮትሮ፣ ማለትም የእነሱ ሚኒባስ ውስጥ ስትገቡ ሬዲዮው በትዊ ቋንቋ ሚኒስትር ሲያብጠለጥል ትሰማላችሁ። ሾፌሩ ይስቅና ድምፁን ይጨምራል። እኔ ከለመድኩት አገር ይዤ በመጣሁት ፍርሃት ዞር ዞር ብዬ ተሳፋሪውን አያለሁ። የደነገጠ የለም።

የሰፈሬ ዲች፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ ግን ተቆፍሮ ግማሽ ላይ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ጎርፍና የነዳጅ ማደያ ቃጠሎ ከ150 በላይ ሰው በፈጁበት ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሬዲዮው በየቀኑ ያወራል፤ ዲቹ ያው ነው።

እናም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የመረጃ ማግኘት መብት ሕግ ልሞክረው አልኩ። ሕጉ ለማንኛውም ሰው ስለሚሠራ የውጭ ዜጋ መሆኔ አላገደኝም፤ ምክንያትህን ንገር የሚልም የለም። የሚጠየቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ14 ቀን መመለስ አለበት። «ሥራው ለምን ቆመ?» ብዬ ጻፍኩ። 14 ቀን አለፈ፣ ጭጭ። አንድ ጋናዊ ጋዜጠኛ ጓደኛዬ ደብዳቤውን አይቶ ሳቀብኝ። «ለምን» ካልካቸው ማን መልሶ ይጠየቅበታል? ወረቀት ጠይቅ፣ ወረቀት ወይ አለ ወይ የለም አለኝ። ሁለተኛው ላይ የውሉን ቅጂ፣ የክፍያ ሰነዱንና የርክክብ ቀኑን ብቻ ጠየቅኩ። አሁንም ዝም ሲሉ ዝምታቸው በሕጉ እንደ እምቢታ ስለሚቆጠር ለኃላፊው ይግባኝ አስገባሁና ቀጥሎ ወደ መረጃ ኮሚሽኑ እንደምሄድ በአንድ መስመር ጨመርኩ። አራት ገጽ መጣ። ገንዘቡ ከግማሽ በላይ ተከፍሏል።

በእንግሊዝኛ ጽፌ አወጣሁት፤ ያነበበው ያው እኔን መሰሉ ነው። ጓደኛዬ ያንኑ ወረቀት በጠዋት ፕሮግራም በትዊ ሲያነበው ግን ስልኩ መያዣ አጣ፣ የሰፈሩ እናቶች ተራ በተራ ገቡበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኞቹ ተመለሱ።

ያላማረኝ ነገርም አለ። ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ለጋዜጠኞች «ሶሊ» የሚሉት፣ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይታደላል፣ እኛ አበል እንደምንለው ዓይነት። መጀመሪያ ጓደኛዬን ገሠጽኩት፣ ደሞዙን ሲነግረኝ አፈርኩ። የኮንትራክተሩን ስም ደግሞ በአየር ላይ አልጠራም አለ። ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ምን ትፈራለህ? አልኩት። በጃንዋሪ 2019 ማዲና በምትባለው የአክራ ሰፈር መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት የተገደለውን መርማሪ ጋዜጠኛ አህመድ ሁሴን ሱአሌን አስታወሰኝ። «እሱንም ሕግ አልነበረም የገደለው» አለ።

ዲቹ እስከ ድልድዩ ተሠርቷል። ለቀረው ሦስተኛውን ደብዳቤ በእሱ ስም አስገብተናል፤ «ለምን» የምትል ቃል የለችበትም።