«ፍታ» ሲሉኝ ካቻቢቴ

ጣሊያን የገባሁት ጣሊያንኛ እችላለሁ ብዬ ነው። ውሸት አልነበረም፤ በራሴ ሂሳብ እችላለሁ። ሰባት ዓመት ሶማሌ ተራ አካባቢ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ማስቲሽ፣ ጎሚስታ የሚለው ራሱ፤ ምኑ ነው አማርኛ? አያቶቻችን ጣሊያንን ሲያባርሩ ሰውየውን ሸኝተው የመፍቻ ሳጥኑን አስቀሩት። ብሬሻ ከተማ ዳር አንድ ጎማ ቤት ሥራ ስጠይቅ፣ አለቃው ፊት ቆሜ በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። «ከመነዳሪ» ስል እነሱ «ካሜራ ዳሪያ» ነው የሚሉት፤ ቢሆንም ገባው። በማግስቱ ቱታ ሰጠኝ።

ያኔ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ቃላት ሁሉ ስሞች ናቸው። ግስ የሚባል የለባቸውም። መፍታቱን፣ ማጥበቁን፣ መንፋቱን በአማርኛ ነው የምንሠራው። ጣሊያኖቹ ስሞቹን ትተውልን ግሶቹን በሻንጣ ይዘው ሄደዋል።

ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ፣ አለቃዬ ዕቃ ሊያመጣ በወጣበት ሰዓት፣ አንዲት ግራጫ መኪና እያነከሰች ገባች። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ተንፍሷል። ማዜራቲ 3500 ጂቲ፣ እ.ኤ.አ. የ1960 ሥሪት።

መኪናዋን ለማያውቅ፦ ሞተሯ 3485 ሲሲ ነው፤ በስድስት ሲሊንደር 12 ካንዴላ፣ ሦስት መንታ ዌበር ካርቡሬተር። አንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ማለት ነው፤ ካንዴላ ልቀይር ያለ ሰው ግማሽ ቀኑን ያቃጥላል። አካሏን የሠራው ቱሪንግ የሚባለው የሚላን የመኪና አካል ሠሪ ነው፤ «ሱፐርሌጄራ» በሚሉት ዘዴ ቀጫጭን የብረት ቱቦ ላይ የአሉሚኒየም ላሜራ ይለብሳል። ስለዚህ መደገፍ የለም፣ ክርን ማሳረፍ የለም፤ ክርንህ የሠራውን ጉድጓድ ያው ክርንህ አያወጣውም። ክሪክ ሲገባም ከበሩ ሥር ካለው ላሜራ ሳይሆን ከኋላ አክሱ ሥር ነው። የሚያስቀው ደግሞ፣ ይህች የጣሊያን ኩራት አክሷና ፍሬኗ እንግሊዝ፣ ካምቢዮዋ ጀርመን ነው።

ባለቤቷ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። የድሮዎቹ መኪኖች ሚሌ ሚሊያ የሚባለውን የመኪና ውድድር ለማስታወስ በከተማው ሲያልፉ ሊያዩ መምጣታቸው ነው። ለማየት ብቻ። ውድድሩ ከ1927 እስከ 1957 በአብዛኛው ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ የተካሄደ ስለሆነ፣ ዛሬ በሰልፉ የሚገባው በዚያ ዘመን የተወዳደረ የመኪና ዓይነት ነው። የእሳቸው መኪና ሦስት ዓመት ዘግይታ ተወለደች። ይህ እንዳናደዳቸው ለመረዳት ግስ አላስፈለገኝም።

የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ከፈቱና የእርሳስ መዶሻ አውጥተው ሰጡኝ። ይህች ዓይነት ቸርኬ አራትና አምስት ቡሎን የለውም። የሽቦ ቸርኬ ነው፤ ቦራኒ የሚባለው የሚላን ሥሪት። መሀሉ ጥርስ ባለው እምብርት ላይ ይሰካል፣ ከላይ አንዲት ባለ ሁለት ጆሮ ትልቅ ዳዶ ትይዘዋለች። መፍቻ የላትም፤ ጆሮዋን በመዶሻ ነው የምትመታው። መዶሻው እርሳስ ወይም መዳብ የሚሆነው ከዳዶው ቀድሞ እንዲጎዳ ነው። በብረት መዶሻ የመታት ሰው ክሮሙን ያፈርሳል፣ ጆሮዋን ያጣምማል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል።

እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ቡና ሊጠጡ ሄዱ። እኔ የእጅ ፍሬኗ መያዙን አየሁ። ክሪክ ሳይነካት መሬት ላይ እንዳለች ጀመርኩ፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነኝ። ከዚያ ዳዶ ወደሚፈታበት ወደ ግራ አንድ ጊዜ አሳረፍኩ። ወይ ፍንክች። ሁለት። ሦስት። ጆሮዋ ትንሽ ሄደች፤ ደስ አለኝ። ስድስት። ሰባት። መጀመሪያ «ድብ» ይል የነበረው ድምፅ «ጭን» ማለት ጀመረ። እሰይ፣ እየለቀቀች ነው አልኩ። ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ «ድብ» ከሚለው ወደ «ጭን» የሚሄድ ዳዶ እየጠበቀ እንጂ እየለቀቀ አይደለም።

አሥራ አራተኛው ምት ላይ ሽማግሌው የቡና ስኒ እንደያዙ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያዩ አቋርጠው ሲመጡ አየሁ።

«ስቪታ! ስቪታ!»

«ስቪታ» የሚባል ዕቃ አላውቅም። ግን «ቪታ» የሚለው ጆሮዬን ነካው። ካቻቢቴ! እነሱ «ካቻቪቴ» ነው የሚሉት፤ ያችን «ቪቴ» ነው የሰማሁት። ሮጬ ትልቁን ካቻቢቴ አመጣሁላቸው።

ካቻቢቴውን አዩት። ጎማውን አዩት። ሰማዩን አዩ።

«ኖ! ስታይ አቪታንዶ! ስቪታ!»

አሁንም «ቪታ» አለበት። ትልቁ ካልሆነ ትንሹ ነው የፈለጉት ብዬ ተመልሼ ባለ ኮከቡን አመጣሁ።

ኋላ ስረዳው «ስቪታሬ» መፍታት ነው፣ «አቪታሬ» ማጥበቅ። ልዩነታቸው ከፊት ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ ተናዶ የሚጮህ ሰው ደግሞ ያቺን ድምፅ ነው የሚውጣት። እኔ ግን ያን ሰዓት «ሲኞሬ ዕቃውን በትክክል አላስረዱኝም» እያልኩ በልቤ እያማኋቸው ነበር። እንዲያውም ለፍቼ እንዳልቀር አንድ ሜትር ቱቦ ጆሮዋ ላይ ሰክቼ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬ ወደዚያው ወደ ግራ ገፋኋት። ትንሽ ሄደች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች መኪና የግራ ጎኗ ዳዶዎች እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ይፈታሉ፤ የቀኝ ጎኗ ግን ጥርሳቸው ተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ቀኝ ይፈታሉ። ምክንያት አለው። ቸርኬው እምብርቱ ላይ ሲሰካ በጣም ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል፤ መኪናው ሲሄድ በዚያች ክፍተት እየተንገዋለለ ዳዶዋን በጥቂቱ ያዞራታል። ጥርሱ በየጎኑ የተለያየው ይህ ዙር ሁልጊዜ ወደ ማጥበቂያው እንዲሆን ነው። የግራውን እምብርት ወደ ቀኝ አዛውረህ የገጠምክ እንደሆነ ዳዶዋ በራሷ እየተፈታች ሄዳ ጎማህ ቀድሞህ ይደርሳል። ቀኝና ግራ ለሚምታታበት አንድ ማስታወሻ አለ፦ ላይ ያለውን ጆሮ ወደ መኪናው አፍንጫ ከመታኸው ይፈታል፣ ወደ ጭራው ከመታኸው ይጠብቃል። በሁለቱም ጎን ይሠራል። አንዳንዱ ዳዶ ላይ አቅጣጫው ተጽፎ ይገኛል፤ የእኛዋን ግን ስልሳ ዓመት መዶሻ ፊደሉን አጥቦታል።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስያዙኝና ጆሮዋን ወደ አፍንጫ መቱት። አሥራ አራት ምትና አንድ ሜትር ቱቦ የሠራውን ሥራ አንድ ሽማግሌ አያፈርሰውም። ጥርሱ ላይ ዘይት ጠብ አድርገን ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። አልሆነም። በመጨረሻ ከወፍራም ጠንካራ ጣውላ የዳዶዋን ሁለት ጆሮ ልክ የሚይዝ ቀዳዳ አውጥቼ፣ ጣውላውን ረጅም እጀታ አድርጌ ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። እንጨት ክሮም አይጭርም፣ ኃይሉንም ለሁለቱም ጆሮ እኩል ያካፍላል። እንደ ጥይት «ጧ!» ብላ ለቀቀች፤ እኛም አብረናት ተቀመጥን።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሰፈር ነው። የሽቦ ቸርኬ ያለ ከመነዳሪ አይሠራም፤ የሽቦዎቹ ጫፍ ቸርኬውን በስቶ ስለሚወጣ አየር በየቀዳዳው ያመልጣል። ከመነዳሪውን አውጥቼ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ አረፋው የወጣው ከውስጠኛው ጎን፣ ከቸርኬው በኩል ነው። ቀዳዳ በውጭ ጎን ከሆነ መንገዱን ክሰስ፣ ምስማር ነው። በውስጥ ጎን ከሆነ ግን ቸርኬውን መርምር። የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የጎማ ቀበቶ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አንዷ ጫፍ አፍጥጣ ስትፈጭ ከርማለች። እዚህ ላይ ማስቲሽ ለጥፎ መመለስ ለሁለት ቀን ነው፤ ቀበቶውም ከመነዳሪውም አዲስ ይሁን።

ቀበቶው ከመግባቱ በፊት ሽቦዎቹን በትንሽ መፍቻ አንድ በአንድ መታ መታ አደረግኋቸው። ደህናው እንደ ክራር ክር ይጮሃል፤ የላላው «ዱብ» ይላል። ሁሉም ዘፈኑ። ቀለበቱ አሉሚኒየም ስለሆነ የማሽኑ ጥፍር እንዳይነክሰው በእጅ፣ ብረቱን በቆዳ ጠቅልዬ ገጠምኩ። ጎማው ውስጥ የተለጠፈች የወረቀት ምልክት ካለች ተልጣ ትውጣ፤ ከመነዳሪን በስታ ታውቃለች። ታልክ ዱቄት በሁለቱም ላይ። ቅርጽ እንዲይዝ ብቻ ትንሽ አየር፣ ከዚያ መግጠም፣ መንፋት፣ ሙሉ በሙሉ ማስተንፈስ፣ እንደገና መንፋት። ያቺ የማስተንፈስ ነገር ሰነፍ የሚዘላት ናት፤ ካልተደረገች ውስጥ የታጠፈው እንደታጠፈ ይቀርና በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይፈነዳል።

የፈነዳ ጎማ ማዜራቲን ምን እንዳደረገ ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት አስረዱኝ። በኖቬምበር 1957 ቬንዙዌላ ውስጥ ካራካስ ላይ በተካሄደ ውድድር የሹፌሩ የቦኒየር ጎማ ፈነዳና እያለፈው ከነበረው ከሌላው ሹፌር ከሼል መኪና ጋር ተላተሙ። ሁለቱም የማዜራቲ ናቸው። የቀሩት የፋብሪካው መኪኖችም የዚያን ቀን ከውድድር ወጥተዋል። ፋብሪካው በዚያው ዓመት ፋንጂዮ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንለትም ኪሱ ባዶ ሆኖ የውድድር ቡድኑን ዘጋ፤ እንዲህ ያለችዋን 3500 እየሸጠ ነው ነፍሱን ያተረፈው።

ሲገጠም የእምብርቱን ጥርስ ግሪስ ቀባሁ፤ ደረቅ ከሆነ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ጥርሱን ይበላል። ማጥበቁ ከመፍታቱ በተቃራኒ ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ነው፣ ቸርኬው መሀሉን እንዲያገኝ። ላይ ያለውን ጆሮ ወደ ጭራ። ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው «አቪታ» እያሉ ቆጠሩልኝ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሄደው ደግመው እንዲመቱት በጣት ነገርኳቸው። ሲወጡ ጣሊያንኛ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። «ሶማሌ ተራ» አልኳቸው። ዩኒቨርሲቲ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ፊያት ፓንዳ መኪና ገባ። የቀኝ የፊት ጎማ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ የተማርኩትን ላሳየው ቸኩያለሁ። የአየር ሽጉጡን አነሳሁ፣ የቀኝ ጎን ወደ ቀኝ ይፈታል አልኩና ለቀቅሁት። «ጧ» አለ። የመጀመሪያው ቡሎን ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ቀረ።

አለቃዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ቡሎኔ» አልኩት። ስሙን አውቀዋለሁ። «ተሰበረ» የሚለውን ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው፣ በእጄ የቀረውን ግማሽ አሳየሁት።