የተፈቀደላት እርዳታ መቼ ነው የሚመጣው?

እናቴ ቤት ውስጥ የሚረዳት ሰው እንደሚያስፈልጋት የአውስትራሊያ መንግሥት አምኗል። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። ሌቭል 3 ይላል፣ የእርዳታው መጠን ደረጃ ማለት ነው። የተጻፈው ባለፈው ክረምት ነው (የሜልበርን ክረምት ከአገር ቤቱ ጋር ይገጥማል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ)። አሁን መጋቢት ገብቷል፤ እስካሁን አንድም ሠራተኛ በራችንን አላንኳኳም።

ደብዳቤው የመጣ ቀን ቤቱ ሠርግ ነበር። እህቴ ከዳንደኖንግ፣ ከሜልበርን ዳር ካለው ሰፈር፣ ደውላ በስልክ እልል አለች። ለካ ሁለተኛ ደብዳቤ አለ። የመጀመሪያው ይገባሻል ይላል፣ ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን በሁለተኛው ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ስንደውል በትህትና «ወረፋ ላይ ናቸው» ይሉናል። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ምን ያድርጉ፣ እነሱም የሚያዩት ስክሪኑን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው መርዘሙ ብቻ አይደለም። እማዬ ሰማንያን አልፋለች። በዚህ ዕድሜ ስምንት ወር ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለችው እማዬና አሁን ሶፋው ላይ የተቀመጠችው እማዬ አንድ አይደሉም፣ ወረቀቱ ግን ያን ቀን እንዳያት ነው የቀረው።

ያን ቀን ደግሞ እንዴት እንዳየናት ልንገራችሁ። ለአሰስመንት፣ ማለትም ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋት ለመመዘን፣ ነርስ ትመጣለች ሲባል እማዬ በጠዋት ተነስታ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀች። እንግዳ እኮ ናት! ነርሷ አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ «ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን አለብኝ» አለች። ጉልበቷን ይዛ ተነስታ ቡና ልታፈላም ነበር። ቀጥሎ ስለ ሽንት ተጠየቀች፣ ሌሊት ሌሊት ሳትደርስ ያመልጣት እንደሆነ። በስልኩ ውስጥ የሚያወራው ወንድ ነው፣ የአገሯ ልጅ ነው፣ ማን እንደሆነም አታውቅም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነችና ዝም አለች። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪያት» ያለቻት እህቴ ናት፣ እህቴ ለነርሷ ከነገረቻት በኋላ እማዬ ቀኑን ሙሉ አላናገረቻትም። ነርሷ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ከምትሰማው ይልቅ የምታየውን ጻፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ደህና ናቸው» ብሎ ይሄድ ነበር።

መታጠቢያ ቤታችን የድሮ ነው፣ ሻወሩ ያለው ገንዳው ውስጥ ነው። አምና እማዬ የገንዳውን ጠርዝ ቀስ ብላ በራሷ ትሻገር ነበር። አሁን ቀኝ እግሯን ታነሳና እግሩ አየር ላይ ይቀራል። እጇ የፎጣ መስቀያውን ይፈልጋል። መስቀያው የተሠራው ለፎጣ ነው፣ በቅርቡ አንዱ ብሎን ከግድግዳው ተነቅሎ ወጣ። ስለዚህ እህቴ በአንድ እጇ ብብቷ ሥር ትይዛታለች፣ በሌላው እግሯን አንስታ ታሻግራታለች፣ ከዚያ ውስጥ ያስቀመጥነው በርጩማ ላይ ታስቀምጣታለች። እኔ በር ላይ ቆሜ «ደረሳችሁ?» እላለሁ። መግባት አልችልም። «የወለድኩት ወንድ ልጅ ራቁቴን አያየኝም» ብላ ቆርጣለች፣ ልክም ናት። መድኃኒቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ምግቡን እችለዋለሁ። ይሄን ግን አልችልም፣ ስለዚህ እህቴ ከተማውን ከዳር እዳር አቋርጣ ትመጣለች።

እህቴ ራሷ የምትሠራው አረጋውያን ቤት ለቤት መርዳት ነው፣ እዚህ ብዙ የኛ ሴቶች እንደሚሠሩት። ለእማዬ ብላ ሺፍቷን ቀንሳለች። ገቢዋ ቀነሰ፣ ያ አንድ ነገር ነው። እሷ በቀረችበት ቀን የሚተካት ሰው ካልተገኘ ግን እሷን የሚጠብቁት ሌላ አዛውንትም ያን ቀን ሳይታጠቡ ይውላሉ። ሠራተኛ የለም ይባላል። ሠራተኛዋ እኮ እኛ ቤት ናት፣ ያለ ደሞዝ።

ነገሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ እንታገስ ነበር። የአረጋውያን እንክብካቤን የመረመረው ሮያል ኮሚሽን የሚባለው በመንግሥት የተቋቋመ መርማሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ፣ እስከ ጁን 2018 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከ16,000 በላይ ሰዎች ፓኬጃቸውን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ለመረዳት የሚመደብላቸውን ገንዘብ፣ ሲጠብቁ ሞተዋል ብሏል። ተፈቅዶላቸው ማለት ነው! በ2021 የመጨረሻው ሪፖርት ወረፋው እንዲጸዳ፣ ከዚያ ወዲያም ሰው በተመዘነ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያገኝ መከረ። አንድ ወር። ከዚያ «ሰፖርት አት ሆም» (ቤት ውስጥ ድጋፍ) የሚባለው አዲሱ አሠራር ጁላይ 1 ቀን 2025 ይጀመራል ተባለና ወደ ኖቬምበር 1 ተገፋ። በመሃል አዲስ ፓኬጅ ለመልቀቅ አልታሰበም ነበር፤ ሴኔቱ ውስጥ ተቃዋሚዎቹ፣ የግሪን ፓርቲ ሰዎችና የግል ተመራጮቹ አብረው ሲገፉ ነው መንግሥት ሴፕቴምበር ላይ 20,000 ቶሎ ለመልቀቅ የተስማማው። እማዬ ከነዚያ ውስጥ አልነበረችም። ከነሌቭል 3ዋ ወደ አዲሱ ወረፋ ተሻገረች።

አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። ገንዘቡ ሲለቀቅ እኛ ድርጅት መርጠን ውል እስክንፈርም 56 ቀን ይሰጠናል፣ ካስፈለገ ደግሞ ጠይቀን 28 ቀን ማስጨመር እንችላለን። ካሳለፍነው ገንዘቡ ተመልሶ ይወሰዳል። እኛ ላይ ቀን ይቆጠራል። ለምን እነሱስ ላይ አይቆጠርም? ሰው ከተፈቀደለት ቀን ጀምሮ የመንግሥትም ቀን ይቆጠር፣ ካለፈ የሚጠየቅ ይኑር።

እኛም ጋ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይሄን ሳነሳ «ልጆች እያሏት ነጭ ትጠራላችሁ?» ያሉኝ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። ግን ስንቱ ቤት በዚህ ምክንያት ጭራሽ ሳያመለክት እንደሚኖር አስቡት። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰው እስኪወድቅ አይጠበቅም። ተፈቅዶላችሁ እየጠበቃችሁ ሁኔታው ከባሰ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ ተለውጧል፣ እንደገና ይታይልን በሉ። የምትሠሩላቸውን ሁሉ በየቀኑ ጻፉት፦ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሳችሁ፣ ማን ደግፎ እንዳስነሳ፣ ምን እንዳልቻሉ። ስልክ ላይ «እንዴት ናቸው?» ሲሏችሁ በልማድ «ደህና ናቸው» እንዳትሉ።

እኛም ጠይቀናል። ለእማዬ ሁለተኛ አሰስመንት ተይዞላታል፣ የፊታችን ማክሰኞ። አስተርጓሚዋ ሴት እንድትሆን አስመዝግበናል፣ እህቴም ማታ ማታ ከእማዬ ጋር ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየተለማመዱ ነው።