ድንበሩን ያልተሻገረችው እህቴ

ከጥገኝነት ቃለ መጠይቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች፣ «አንተን ለይቶ የሚፈልግህ ማን ነው?» አለችኝ። «ጦርነቱ» አልኩ። ጥያቄው ያልገባኝ መስሏት ደገመችው። «መድፍ ስም እየጠራ አይተኩስም» አልኳት። አስተርጓሚው ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። እሷ ጻፈች።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚፈልገው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ የሚፈራን ሰው ነው። የእኔ ፍርሃት ደግሞ የጎረቤቶቼም ሁሉ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት የውጭ ወረራንና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ የሚያናጋ ሁኔታንም ስለሚጨምር እንደኔ ያለውን ሰው ያውቀዋል። የሚያውቀኝን ሕግ ከኋላዬ ትቼ መጣሁ ማለት ነው! በመጨረሻ የተሰጠኝ የስደተኛ መታወቂያ ሳይሆን ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ ፈቃድ ነው። ይሁን፣ ጣሪያ አለኝ።

እህቴ ግን የላትም። ከቤት የወጣነው በአንድ ሌሊት ነው፤ እኔ ድንበሩን ተሻገርኩ፣ እሷ ሕፃናት ይዛ ስለነበር ከድንበሩ ወዲያ ቀረች። ያችን መስመር ባለማለፏ ስደተኛ አትባልም፤ «የአገር ውስጥ ተፈናቃይ» ናት። እንደሷ ላለ ሰው ዓለም አቀፍ አስገዳጅ ስምምነት የለም። የተባበሩት መንግሥታት የ1998 መርሆች አሉ፣ አያስገድዱም። የ2009ኙ የካምፓላ ስምምነት ላጸደቁት የአፍሪካ አገሮች ያስገድዳል፤ ቢሆንም ጥበቃው በቅድሚያ የተጣለው በገዛ መንግሥቷ ላይ ነው። ያ መንግሥት ቤቷን መጠበቅ ቢችል ኖሮ እሷስ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ምን ያስተኛታል?

ላስመጣት አስቤ ቅጹን አገላብጬ አየሁት። «ቤተሰብ» በሚለው ስር የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ተጽፈዋል። ለእህት የተተወ መስመር የለም።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ ክፍሉን ልቀቁ ተብለዋል።

«ወዴት ትሄዳላችሁ?» አልኳት።

«እሱን አልነገሩንም» አለችና ወሬ ለወጠች። «ለመሆኑ ያንተ ወረቀት ታደሰልህ?»