ሲወለድ 3 ቀን

ረቡዕ ማታ። ልጆቹ ተኝተዋል። እናታቸውም ደክሟት በጊዜ ጋደም ብላለች። ዛሬ ሳልጽፈው ካደርኩ ነገ ሥራ ላይ ይጠፋብኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ትንሹ ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። እዚሁ ሳሪስ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላል፣ ምገባው ከመጣ ወዲህ ያ ሐሳብ ቀርቶልኛል። ባለፈው ሳምንት ደብተሩ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። «ወላጅ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት እንዲመጣ» ትላለች። ከሥሯ የመምህርቷ ፊርማ። ሌላ የለም። ልጁን ምን አጥፍተህ ነው ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ውጭ ሮጠ።

እኔ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። መጋዘኑን የሚከፍት ከሌለ ምርት ክፍሉ ጥሬ ዕቃ አያገኝም። ስለዚህ አለቃዬ ፊቱን ቢያጠቁር አልፈርድበትም። ሰኞ ሄጄ «ጋሼ፣ ረቡዕ ጠዋት የልጄ ትምህርት ቤት ይፈልጉኛል» አልኩት።

«ምነው፣ ታመመ?»

«አይ፣ ደህና ነው። መምህርቷ ልታናግረኝ ነው።»

«እናቱ አትሄድም?»

እናቱ ሆቴል ላውንደሪ ነው የምትሠራው፣ በፈረቃ። ያን ቀን ጠዋት ገቢ ነበረች። ባለፈው መንፈቅ እሷ ሄዳ ደመወዟ ላይ ቆርጠውባታል። ይህን ሁሉ ለአለቃ መዘርዘር ያሳፍራል፣ ግን ዘረዘርኩት። በመጨረሻ ፈቀደልኝ። ለግማሽ ቀን ሙሉ ቀን ከዓመት ፈቃዴ ተቀነሰ። ፎርሙ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ሞላሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ብዬ መጻፍ ለምን እንደከበደኝ እንጃ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው «ታምሜ ነው» ወይም «ለቅሶ አለብኝ» ይላል። ለቅሶ የሚከለክል አለቃ የለማ።

ከ50 በላይ ልጆች ከሚማሩበት ክፍል የመጣነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ሦስቱ አያቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ትንሿ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀምጠዋል። አንዷ የተማሪው ታላቅ እህት ነች፣ ራሷ ገና ልጅ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጫማዋ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል። ሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነች። «ዛሬ የማገኘውን ትቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ለሷ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የቀረችበት ቀን የማትበላበት ቀን ነው። ሆኖም መጥታለች። ወላጅ ለልጁ ግድ የለውም የሚል ሰው ሲገጥመኝ የዚያችን ሴት ጫማ ነው የማስታውሰው።

ከመምህራኑ አንዱ ቅዳሜ ስንጠራም አይመጡም ሲል ሰማሁት። እንዴት ይመጣሉ? ሕጉ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ያሠራል፣ ብዙዎቻችን ቅዳሜም ሥራ ላይ ነን።

ተራዬ ሲደርስ መምህርቷ ልጄን ከጎኔ አስቀመጠችው። የአማርኛ መጽሐፉን ገለጠች። «አንብብላቸው» አለችው። አነበበ። ጥርት አድርጎ፣ አንድም ሳይሳሳት። ኮራሁ። ማታ ማታ ወጥ ስሠራ ከጓዳ የምሰማው ንባብ ይኸው ነበር፣ እኔም ሽንኩርቴን እየከተፍኩ «ጎበዝ! ቀጥል!» እለዋለሁ።

ከዚያ መምህርቷ ከመሳቢያዋ ቁራጭ ካርቶን አወጣች። መሀሉ ላይ አንድ ቃል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አለችው። ገጹ ላይ አድርጋ ወደ ሦስተኛው መስመር መሀል ወሰደችው። ቀዳዳዋ ውስጥ «ውሻው» የሚል ይታያል። ልጄ ዝም አለ። ካርቶኑን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ፣ ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተነስቶ በሆዱ እየወረደ ነው፣ ቃሉ ጋ እስኪደርስ። እዚያ ሳይደርስ ጠፋበት። ዓይኑ ውኃ ሞላ።

ገጹን በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ማንበብ ግን አይችልም።

መምህርቷ አልተቆጣችውም። ፀጉሩን ዳበስ አድርጋ ወደ ውጭ ላከችውና «ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ እንዲያውም ጭንቅላቱ በጣም ፈጣን ነው፣ ለዚህ ነው ማንም ሳያውቅበት እዚህ የደረሰው፣ እኔም ከዚህ ሁሉ ልጅ መሀል ያወቅኩት በስንት ጊዜ ነው» አለችኝ። ይህን በስልክ ብትነግረኝ አላምናትም ነበር። ሲያነብ በጆሮዬ እየሰማሁ እንዴት አምናለሁ? ካርቶኑን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ የኔታ ትዝ አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ደጀን ነው፣ ዛፍ ሥር። ሀ ሁ ሂን እንደ ዘፈን ስንወርደው የኔታ ዝም ብለው ይሰሙናል። ሲያበቃ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩናል፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ያን ጊዜ ለምን ቅደም ተከተሉን እንደሚያምሱብን አይገባኝም ነበር። ፊደሉ ከሠፈሩ ሲወጣ በዜማ የያዘ ልጅ ይጋለጣል፣ በመልኩ የለየ ልጅ ያልፋል። የኔታ በስንጥር እየጠቆሙ የሚይዙንን ያህል እኔ ለልጄ አንድ ምሽት አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጣቴ አልጠቆምኩም። ለዚህ አለቃዬን አልወቅስም፣ ይህ የኔ ነው።

ጠዋት ለሁለት ሰዓት መውጣት ግን የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ከሠራተኛ ማኅበራችን ሰብሳቢ ተውሼ ሁለት ምሽት አነበብኩት፣ 1156/2011ን። ለጋብቻ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ አለ። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን አላት። አባት 3 ተከታታይ ቀን። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን። ልዩና ከባድ ነገር ከገጠመ ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ እሱም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። እንግዲህ ልጄ ሲወለድ 3 ቀን አለኝ። እግዜር አያምጣውና ቢሞትብኝም 3 ቀን አለኝ። በመሀል ያለው ዕድሜውስ? ፊደል የሚለይበት፣ ፈተና የሚፈራበት፣ ተጣልቶ «ወላጅ አምጣ» የሚባልበት፣ ያ ሁሉ ዓመት የት ገባ?

የዓመት ፈቃድ አለህ ይሉኛል። አዎ አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። ግን እሱ ማረፊያ ነው። ሕጉም ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ በሁለት ከፍሎ መስጠት ይቻላል ይላል እንጂ በሰዓት እየቆረሱ መውሰድን መብት አላደረገውም።

ማታ ዋሽንግተን ዲሲ ላለችው እህቴ ደወልኩላት። እዚያ ሕጉ ለወላጅ በዓመት 24 ሰዓት ለልጁ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ ይሰጣል አለችኝ። ከ10 ቀን በፊት ማሳወቅ ይጠበቅባታል። ክፍያ ግን የለውም፣ ካላት የተከፈለበት ፈቃድ ላይ ካልወሰደች በስተቀር። «ታዲያ ኪራይ አለብኝ ወንድሜ፣ ስንቱን ሰዓት እወስደዋለሁ?» አለች። እሷም አልሞላላትም። ቢሆንም ስትጠይቅ ለቅሶ መፍጠር የለባትም። እኔ የምለው ያንን ነው። በዓመት ጥቂት ሰዓት፣ በስሙ የተጠራ፣ ለእናትም ለአባትም፣ ከነደመወዙ። ፋብሪካው በዚያ አይከስርም። መጋዘኑን ለሁለት ሰዓት የሚከፍትልኝ ጓደኛ አለኝ፣ እኔም ለሱ እከፍትለታለሁ። ለቀን ሠራተኛዋ ምን ይበጃታል ለሚለው ግን መልስ የለኝም፣ እሷን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ከእራት በኋላ ከብስኩት ካርቶን ላይ ቆርጬ ቀዳዳ አበጀሁለት። ልጁ አይቶ ፊቱን ዞር አደረገ። መጀመሪያ እኔ ላንብብ፣ አንተ ካርቶኑን ያዝልኝ አልኩት። እሱ እየመረጠ፣ እየሸፈነ፣ እያሳየኝ ቆየን። ሆን ብዬ ሁለቴ ስሳሳት ሳቀብኝና «አባዬ፣ እሷ እኮ 'ሻ' ናት!» አለ። «ሻ»ን ለየ ማለት ነው። ከዚያ በላይ አላስገደድኩትም።

መምህርቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ጠዋት ተመልሰው ይምጡ ብላኛለች። የፈቃድ ፎርሙን ከወዲሁ ይዤ መጥቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀኑን ሞላሁ። «ምክንያት» የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁና «ልጄ ማንበብ እየተማረ ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩበት።