«ኦል» ማለት ሁሉም ማለት አይደለም

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ሱቅ ሲስተሙን የምከታተለው እኔ ነኝ። የሽያጩ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ የሚባለው ነው። ባለቤቱ ጋሼ፣ አቶቴ ሰፈር ባለው መጋዘናቸው ውስጥ ሌላ ኮፒ እንዲቀመጥ ፈለጉ። «እሳት ቢነሳስ አንተ ልጅ?» አሉኝ። «በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ቀላል ቀላሉን ልለፈው። ሁለቱን ማሽኖች በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር፣ አገናኘሁ። (የፖስትግሬስ በር የሆነውን 5432 ፖርትን ለመላው ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው ጋር መከራከር አልፈልግም።) ፖስትግሬስ ሲጫን የሚያዳምጠው የራሱን ማሽን ብቻ ስለሆነ የቪፒኤኑን አድራሻ ጨመርኩና ሪስታርት አደረግኩት። ለሪፕሊኬሽን (ዳታውን ወደ ሌላው ማሽን እየተከታተሉ ለመገልበጥ) ብቻ የሚሆን ዩዘር ፈጠርኩ። ማን ከየት ይገባል የሚለውን በሚወስነው የፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጻፍኩ። ዳታቤዝ የሚለው ቦታ ላይ «ኦል» አልኩ። ሁሉም ማለት ነው አይደል?

ከአቶቴው ማሽን ሞከርኩ። ፒኤስኪውኤል በሚባለው የፖስትግሬስ መግቢያ ፕሮግራም ሰተት ብዬ ገባሁ። ዳታውን በሙሉ ለመገልበጥ ቤዝ ባክአፕ የሚባለውን ትዕዛዝ ስሰጥ ግን በሩ ተዘጋብኝ። ያው ዩዘር፣ ያው ፓስዎርድ፣ ያው አይፒ!

ስህተቱን አየሁት፤ «የፒጂ ኤችቢኤ መስመር የለም» ይላል። አለ እኮ፣ እያየሁት! ስለዚህ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ጣልኩ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ፣ ቪፒኤኑን አፍርሼ ሠራሁ፣ ፓስዎርድ ሁለቴ ቀየርኩ። ኔትወርኩን የዘረጋልንን ልጅ በቀን አራት ጊዜ እየደወልኩ ጮህኩበት። «ከኛ በኩል ችግር የለም ወንድሜ» ባለ ቁጥር ይብስብኛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ልጁ ሰለቸው። «እስኪ ስህተቱን ከነምኑ አንብብልኝ» አለኝ። ጮክ ብዬ ሳነብ መሀል ላይ አንድ ቃል ሰማሁ፦ «ለሪፕሊኬሽን ኮኔክሽን መስመር የለም»። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ የዘለለው ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ሙሉ ግልበጣ አንድን ዳታቤዝ ለይቶ አይገባም፤ ስለዚህ «ኦል» አይመለከተውም። ዳታቤዝ በሚለው ቦታ «ሪፕሊኬሽን» የሚል ሌላ መስመር ይፈልጋል። ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ግን ቃሉን «ኦል» ያለው ሰው ምን አስቦ ነው? መስመሯን ጨመርኩ፣ ፋይሉን እንደገና እንዲያነበው ሪሎድ አልኩ፤ ሪስታርት እንኳ አላስፈለገም። ግልበጣው ወዲያው ጀመረ። የገዛሁት የዓሣ ሾርባ ጠረጴዛው ላይ በርዶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪፕሊኬሽን ስሎት ተጠቀሙ ይባላል፤ ኮፒው ገና ያልወሰደውን ለውጥ ዋናው ሰርቨር እንዳይጥል የሚያደርግ ነገር ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ገደብ ሳታበጁለት ባትነኩት ይሻላል። የኮፒው ማሽን ጠፍቶ በቆየ ቁጥር ዋናው ሰርቨር ለውጦች የሚመዘገቡባቸውን፣ ዋል የሚባሉትን ባለ 16 ሜጋ ፋይሎች ዲስኩ እስኪሞላ ያከማቻል። ከቨርዥን 13 ጀምሮ ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ ካላበጃችሁለት ግን ገደብ የለውም። እኔ 20 ጊጋ አደረግኩት። ካለፈ ኮፒውን እንደ አዲስ እሠራለሁ፤ ሱቁ ደረሰኝ መቁረጥ ከሚያቆም ይሻለኛል።

ጋሼ ምን እንዳቆየኝ ሲጠይቁኝ «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። ልጁን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም።