መጀመሪያ ቴርሞሜትር፣ ከዚያ መርፌ

ላሜ መኖ እምቢ አለች። ማመስኳቷን አቆመች፣ ከሌሎቹም ተለይታ ቆመች። ቴርሞሜትር ሳስገባ ሙቀቷ ከ41 ዲግሪ አልፏል። የጤነኛ ከብት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ የመዥገር በሽታ ጠርጥሬ ሽንቷን ጠበቅሁ። ቀይ ቡናማ ነበር።

መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ አንድ ብቻ አይደለም። ባቤዚያ የሚባለው ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ስለሚጨርስ ሽንት ይቀላል። አናፕላዝማም ደም ያሳጣል፤ ሽንቱ ግን አይቀላም። ድዱና የዓይኑ ሽፋን ይገረጣል፣ ቢጫም ይሆናል፣ ሆዱ ይደርቃል። ቴይለሪያ ደግሞ ከጆሮ ሥርና ከትከሻ ፊት ንፍፊት ያወጣል፤ ሲብስ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? መድኃኒቱ ይለያያላ! ብዙ ሰው ለሁሉም የሚያስወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን አናፕላዝማን ያክማል፤ ባቤዚያን ግን አያድንም። ለባቤዚያ ዲሚናዚን ወይም ኢሚዶካርብ፣ ለቴይለሪያ ቡፓርቫኮን ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «መርፌው ይቆይ፣ መጀመሪያ ደሟ ይታይ» አልኩት። ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየው። ባቤዚያ ነበር። የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክተን ክብደቷን ገመትን፤ ዲሚናዚን በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ተሰልቶ ተወጋች። ትኩሳቱ ቶሎ በረደ።

ደሙ ግን እንደ ትኩሳቱ ቶሎ አይመለስም። ደም ያነሰውን ከብት ሩቅ መንዳት ወይም ማስሮጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት፤ ውሃና ሣር እዚያው ይቀርብላት ነበር። ወተቷን መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ አልተጠቀምንም።

አሁን ከብቶቼን ስፈትሽ ከጀርባ አልጀምርም። ጆሮ ውስጥ፣ ግት ዙሪያ፣ ብብትና ጭራ ሥር በእጄ እዳስሳለሁ። አሚትራዝ የተባለውን የመዥገር መድኃኒት ስረጭም እነዚህን ቦታዎች አልዘልም። (ፈረስ ካላችሁ ግን አትርጩበት፣ ይጎዳዋል።) መድኃኒቱን ለቁጠባ ማቅጠን ዋጋ ያስከፍላል፤ የተረፉት መዥገሮች ይለምዱታል። ባቤዚያን በብዛት የሚያዛምተው መዥገር ከእጭነት እስከ ጉልምስና 3 ሳምንት ገደማ አንድ ከብት ላይ ይቆያል። ስለዚህ ጠግቦ ወርዶ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ርጭቱን እደግማለሁ።

ጥጆች ላይ ጥቂት መዥገር ሳይ፣ ቴይለሪያ በሌለበት አካባቢ፣ ያን ያህል አልደነግጥም። ጥጃ ባቤዚያን ከትልቅ ከብት በተሻለ ይቋቋማል፤ በልጅነቱ ከለመደውም ሲያድግ አይጎዳውም። እኔን የሚያሳስበኝ መዥገር ከማያውቅ ቦታ ተገዝታ የምትመጣ ትልቅ ላም ናት። እሷን ለብቻዋ አስሬ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቀቷን እለካለሁ።