የሰማይ ድንጋይ ያልኩት ባዛልት

ድንጋዩ ከጡጫዬ ትንሽ ይበልጣል፤ ጥቁር ነው፣ ሳነሳው ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ማግኔት ሳስጠጋለት ልጥፍ አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ አገኘሁ ብዬ ሁለት ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

የሸወደኝ ማግኔቱ ነው። ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ (ላቫ) ረግቶ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን በደቃቁ ተበትኖ ስለሚገኝ ማግኔት መያዙ ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው ጥፋቴ ላዩን ብቻ ማየቴ ነበር። ዓይኔን ከልዬ በመዶሻ ስሰነጥቀው ጠርዙ ላይ እንደ ልጣጭ የቀጠነ ቡናማ ዝገት፣ ከሥሩ ድፍን ግራጫ ጥቁር ወጣ። በአጉሊ መነጽር ብፈልግ የሚያብረቀርቅ ብረት የለም። ያየሁት እዚህም እዚያም የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ አረንጓዴ ፍንጣሪ ነው፤ ኦሊቪን ይሉታል። ክብ ክብ ቀዳዳዎችም አሉት፤ ላቫው ሲረጋ ማምለጥ ያቃተው ጋዝ የተወው ቦታ ነው። ከሰማይ በሚወድቁት ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ እምብዛም አይታይም።

የቀረው አካል ግን በመነጽርም አይለይም። በ1,100 እና በ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ቀልጦ የወጣው ላቫ መሬት ላይ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድናቱ ለማደግ ፋታ አያገኙም። ያው ቅልጥ ጥልቅ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢረጋ ጥራጥሬው በዓይን የሚታይ ጋብሮ የሚባል ድንጋይ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወደ ሚዛን ሄድኩ፦ 412 ግራም። በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ስመዝነው 267። የቀነሰው 145 ነው፤ 412ን ለ145 ሳካፍል እፍጋቱ፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ 2.84 መጣ። የባዛልት እፍጋት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.8 እስከ 3.0 ነው (ቀዳዳ ከበዛበት ይወርዳል)።

ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበሩ። ኮምጣጤ ጠብ ባደርግባቸው አረፋ ደፈቁ፤ ለጥቂት የኖራ ድንጋይ ነው ልል ነበር። ጥቁሩ ላይ ግን ምንም የለም። ለካ ውሃ ኋላ አምጥቶ ቀዳዳዎቹን የሞላበት ካልሳይት፣ ያው የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ ኖሯል።

አንዴሳይት ከሚባለው ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ያለውን ድንበር ግን በመዶሻና በኮምጣጤ መለየት አይቻልም፤ የባዛልት ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክሲጅን ውህድ) ከ45 እስከ 52 በመቶ መሆኑን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ባዛልት ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ለጠፍኩበት።